የለመደ እጅ

ፍርድ ቤቱ ውስጥ የችሎት ጸሐፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ጠበቃውም፣ ተላላኪዋም፣ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸውም መትረየስ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት አሁን ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ናቸው። ምስክር አፉን ሲከፍት የእሷ ጣቶች አብረው ይነሳሉ፤ ትንፋሽ ሲወስድ እነሱም ያርፋሉ። አንድ ቀን ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው እያዩ፣ ይህችን መትረየስ ከየት አመጣችሁብኝ ቢሉ ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ የዚያን ቀን ቀልድ ሃያ ሦስት ዓመት ስም ሆኖ ቀረ። እሷም አልከፋትም። እንዲያውም አዲስ ሰው በእውነተኛ ስሟ ሲጠራት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላት ነበር።

ስትጽፍ ኪቦርዱን አታይም። ዓይኗ ከተናጋሪው አፍ ላይ ነው፤ መንገዱን እጇ ያውቀዋል። የሥራ ባልደረቦቿ እንዴት እንደምትችለው ሲጠይቋት፣ እጄ የራሱ ጭንቅላት አለው ብላ ትስቃለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ የምስክር ቃል ስህተት አለበት ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ኩራቷ ይኸው ነበር።

በዓመቱ መጀመሪያ ግን የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች በሙሉ ተነስተው በሌላ ዓይነት ተተኩ። መልካቸው ብቻ ቢለወጥ ምንም አልነበረ፤ ሆዳቸውም ሌላ ነበር። ከስክሪኑ ግርጌ የነበረው ወደ አናት ወጥቷል። በቀኝ ጥግ የነበረው የመዝጊያ ምልክት ወደ ግራ ተሻግሯል። በትንሿ ጣት የሚጫኑት የጥጉ ኮንትሮል ደግሞ ሥልጣኑን ከስፔሱ አጠገብ ለተቀመጠ፣ በአውራ ጣት ለሚጫኑት ሌላ ቁልፍ አስረክቧል።

ለጸሐፊዎቹ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኟ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት። በመጀመሪያው ቀን፣ አናት ላይ ያሉትን ሜኑዎች አንድ በአንድ እየከፈቱ ዝም ብለው እንዲያነቡ ነገረቻቸው፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጎን አቋራጭ ቁልፉ ተጽፏል አለች። መትረየስ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «እኔ ሜኑ የማነበው ምግብ ቤት ስገባ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ባለሙያዋም ፈገግ አለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መትረየስ ሥራ በዝቶብኛል ብላ አልሄደችም፤ ተገኝቻለሁ ብላ የፈረመችው ግን የሦስቱንም ቀን ነው። ለመቅዳት፣ ለመለጠፍ፣ ለማስቀመጥና ለማተም የሚሆኑትን አራት ቁልፎች ከአጠገቧ ጸሐፊ ጠይቃ ያዘች። ለእኔ ይህ ይበቃል አለች።

አልበቃም። እጇ በቀን ሃያ ጊዜ ወደ ድሮው ጥግ ይሄድባታል። ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ አናጢ ነው። አንድ ሰው የመዶሻዬንና የመጋዜን ቦታ ቢያለዋውጥብኝ፣ ሳላይ እጄን ዘርግቼ በመጋዝ ሚስማር ልመታ እችላለሁ አላት፤ ስለዚህ ለጊዜው እያየሽ ሥሪ። ምክሩ አናደዳት። ሃያ ሦስት ዓመት ሳላይ የሠራሁትን ዛሬ እንደ ጀማሪ አንገቴን ደፍቼ ልሥራ እንዴ ብላ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በሦስተኛው ወር የስፌት ፋብሪካው ጉዳይ ችሎት ቀረበ። ፋብሪካው በጠራራ ፀሐይ ተቃጥሎ አራት ሴቶች ከኋላው በር ሥር ሞተው ተገኝተዋል። ባለቤቱ ተከሷል። የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ አንድ ነገር ነበር፤ ያ በር ተዘግቶ ነበር ወይስ ተቆልፎ? ባለቤቱ ዝም ብሎ የተገጠመ በር ነው፣ የገፋው ሁሉ ይከፍተዋል፣ ሴቶቹን ያጠፋቸው ጭሱ ነው ይላል። እሳቱ ሲነሳ ከውጭ ሆኖ በሩን ያየ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ የፋብሪካው ጥበቃ።

ጥበቃው ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ የግራ እጃቸው ቆዳ እንደ ተጨማደደ ወረቀት የተሸበሸበ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ከብዷል፤ ዳኛው እያንዳንዱን ጥያቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙላቸዋል። የችሎቱ የድምፅ መቅጃ ከተበላሸ ወራት አልፎት ስለነበር የሚነገረው ሁሉ በመትረየስ ጣቶች ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳኛው፣ ከምሳ በኋላ ይነበብላቸውና ይፈርሙ ብለው ተነሱ።

ችሎቱ ባዶ ሲቀር እሷ ጽሑፉን ለማጽዳት ቁጭ አለች። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ የተከሳሹን ጠበቃ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች፤ ያን አንድ መስመር ማጥፋት ብቻ ነበር የቀራት። በድሮው ማሽን ሺፍትን ይዘው ሆም የሚለውን ሲጫኑ መስመሩ እስከ መጀመሪያው ይመረጣል፤ ከዚያ መደምሰስ ነው። ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ። እጇ አደረገው። በአዲሱ ማሽን ግን ሆም ማለት የመስመሩ ራስ አይደለም፤ የሰነዱ ራስ ነው። የሁለት ሰዓቱ ቃል በሙሉ በቅጽበት ሰማያዊ ለበሰ። ዓይኗ ይህን ሳያይ ጣቷ ቀድሞ መደምሰሻውን ተጫነ።

ነጭ ገጽ።

ትንሿ ጣቷ ወደ ጥጉ ኮንትሮል ሮጠች፤ የጠፋውን መመለሻውን ተጫነች። ምንም የለም። ደገመች። ምንም። የአዲሱን መመለሻ አታውቀውም፤ ከያዘቻቸው አራቱ ውስጥ አልነበረም። በአውራ ጣቷ አዲሱን ቁልፍ ይዛ ያገኘችውን ፊደል ሁሉ መምታት ጀመረች። አንዱ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ ዘጋው። መልሳ ስትከፍተው ገጹ ባዶ ነበር፤ ማሽኑ ሲዘጋ ባዶውን አስቀምጦታል።

ባለሙያዋ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ዳኛው ከግድግዳው ወዲያ ምሳቸውን እየበሉ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ጠፋብኝ ማለት። መትረየስ ከወንበሯ ግማሽ ድረስ ተነሳች። ከዚያ ያልሄደችባቸው ሁለት የሥልጠና ቀናት ትዝ አሏት፤ የፈረመችው ፊርማም። አዲሱን ማሽን ያልቻሉ ጸሐፊዎች ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳሉ የሚለው ወሬም ነበረ። ተመልሳ ተቀመጠች። የማስታወስ ችሎታዬ እንደ ጣቴ ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ዓይኗን ጨፍና ሽማግሌውን በሐሳቧ እንደገና አስነሳቻቸውና መጻፍ ጀመረች።

ቃሉ መጣላት። የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ፣ የደረጃው ብዛት፣ የሴቶቹ ስም በየተራ መጣላት። «ወደ ኋላው በር ሮጥኩ፤ በሩ» ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። ተዘግቶ ነበር? ተቆልፎ ነበር? ሁለቱንም በሽማግሌው ድምፅ ትሰማቸዋለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዱን አለች፣ ሌላውን አለች፤ ሁለቱም ልክ መሰሏት። ጠበቃው በጥያቄው «ተዘግቶ» የሚለውን ቃል ደጋግሞት ስለነበር ለምላሷ እሱ ቀረበና «ተዘግቶ ነበር» ብላ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ እጠይቃቸዋለሁ አለች።

አልጠየቀችም። ስታነብ ዓቃቤ ሕጉ ሌላ ችሎት ይጠብቀው ነበርና መዝገቡን እየሰበሰበ ነው። እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ፈጠነ። የተከሳሹ ጠበቃ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አቀርቅሮ አንድ ነገር ጻፈ። ዳኛው የዚያን ዕለት አምስተኛ መዝገባቸውን ያገላብጡ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ከዚያ በየገጹ ግርጌ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እየለቀሙ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳህኗን ሳትጨርስ ትነሳ ጀመር። ባሏ ምን ሆነሽ ቢላት ምንም፣ ደክሞኝ ነው ትለዋለች። ቢሮ ውስጥ ስትጽፍ ጣቶቿ ይደነቃቀፋሉ፤ ወጣቶቹ ጸሐፊዎች፣ መትረየስ ጥይት ጨረሰች እንዴ ብለው ይቀልዱባታል፤ ትስቅላቸዋለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እያለች ነገሩን ልትረሳው ታገለች። ምናልባትም እኮ ሽማግሌው ያሉት ተዘግቶ ነበር ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን በኮሪደሩ ስታልፍ የተከሳሹ ጠበቃ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። የራሳቸው ምስክር ተዘግቶ ነበር ብሎ ፈርሞልናል፤ ከዚህ በኋላ የቀራቸው ነገር የለም ይላል። ዘና ያለ ድምፅ ነበር። 

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ መትረየስ ወደ ባለሙያዋ ክፍል ወረደች። ከመጀመሪያው አስተምሪኝ አለቻት። ምክንያቱን አልተናገረችም። ባለሙያዋም አልጠየቀች፤ የምግብ ቤቱንም ቀልድ አላነሳችባትም። ሌላ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና እጇን ከኪቦርዱ ላይ እንድታነሳ ነገረቻት።

«እኔ ቤቴ ያለው የድሮው ዓይነት ነው» አለቻት። «እዚህ አዲሱ ነው። ታች ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ አለ። እጄን ባምነው ኖሮ በቀን አሥር ጊዜ እሳሳት ነበር። ስለዚህ አላምነውም። መጀመሪያ ሜኑውን አነባለሁ።»

ከግራ ጀምረው አነበቡ። ከትእዛዙ በስተቀኝ የቁልፉ ምልክት አለ፤ ምልክቱ የሌለው በማውስ ብቻ ነው የሚታዘዘው። ወደ ጎን የምታመለክት ትንሽ ቀስት ካለች ውስጡ ሌላ ሜኑ አለ ማለት ነው። መንገዱ ከጠፋብሽም የመጨረሻው፣ እገዛ የሚለው ሜኑ ውስጥ የፈለግሽውን ቃል ብትጽፊ ራሱ ቦታውን ያሳይሻል አለቻት። መትረየስ እንደ ፊደል ቆጣሪ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ያን ቀን የነከሷትን ቁልፎች በስማቸው አገኘቻቸው፤ ፕሮግራሙን የዘጋባት ይኸው፣ ስትፈልገው ያጣችው መመለሻ ይኸው፣ በኤዲት ሜኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ንባብ ነበር።

ፋይል የሚለው ውስጥ «ወደ ቀድሞው መልስ» የሚል አየች፤ ቀስት አለው፤ ቁልፍ ግን የለውም። ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«ማሽኑ በየጊዜው በራሱ ቅጂ ያስቀምጣል፤ በዚህ በኩል ይገኛሉ። አቋራጭ ስለሌለው ማንም አያውቀውም።»

መትረየስ አመሰገነችና ወጣች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ችሎቱ ገና አልተከፈተም፤ የሽማግሌውን ፋይል አወጣች፤ በማውሱ ቀስ ብላ ወደ ሜኑው ሄደች፤ ቀስቷን ተከተለች። ቅጂዎቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ እንደ ካርታ ተደርድረው ብቅ አሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቀንና ሰዓት። የማክሰኞዋን፣ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ የተቀመጠችውን ከፈተች። ሁሉም ነበረ። ወደ ታች ወረደች።

«ወደ ኋላው በር ሮጥኩ፤ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ያለው አለቃው ዘንድ ነው። ቁልፉን ፍለጋ ወደ ፊት ለፊቱ ቢሮ ሮጥኩ።»

አንድ ቃል ብቻ አልነበረም የሳተችው። ጓጉንቸሩን፣ አለቃውን፣ ሩጫውን ከነጭራሹ አላስታወሰቻቸውም ነበር፤ እንደጎደሉ እንኳ አልጠረጠረችም። በራሷ እጅ ጽፋቸው፣ በራሷ ጆሮ ሰምታቸው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል በእሷ ውስጥ ዝም ብሎ ማለፉን ያን ጊዜ ገባት። ከጆሮ ወደ ጣት ይወርዳል፤ መሐል ላይ የሚያድርበት ቦታ የለም።

ሁለቱንም ጽሑፍ አትማ የዳኛውን በር አንኳኳች። ዳኛው ብዙ የማይናገሩ፣ ስህተት ሲያዩ እስክሪብቷቸውን የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ከማን ጋር ተነጋገርሽበት?»

«ከማንም፣ ክቡር ዳኛ።»

«አስፈርመሻቸዋል።»

«አዎ።»

«እኔም ፈርሜያለሁ» አሉ፤ ይህንን ያሉት ለእሷ አይመስልም ነበር።

 ወረቀቱን መልሺው፣ አልሰማሁም ቢሉኝስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ያን ሐሳብ እንደ ፈራችውም እንደ ተመኘችውም ተሰማት። ዳኛው ሁለቱን ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፣ «በሩን ዝጊና ተቀመጪ» አሏት። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። ሳትፈጥኚ።»

ነገረቻቸው። ሥልጠናውንም፣ ፊርማውንም አልደበቀችም።

በሳምንቱ ሁለቱም ወገኖች ተጠርተው ጉዳዩ በችሎት ታየ። የተከሳሹ ጠበቃ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ የተፈረመበት ቃል እያለ ማሽን ውስጥ ተገኘ የተባለ ጽሑፍ ምን ዋጋ አለው ብሎ ተከራከረ። መትረየስ ራሷ ምላ በምስክር ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእሷ ቦታ የተተካችው ጸሐፊ እጇ ገና ነው፤ በየቃሉ አንገቷን ትደፋለች። መትረየስ እየቆመች፣ እየጠበቀች መናገር ነበረባት። ያደረገችውን ሁሉ በዚያ ዝግታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ ቃል በቃል ተናገረች። ባሏ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

ከእሷ በኋላ ሽማግሌው ቀረቡ። ያሉት ተቆልፎ ነበር እንደሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ብለው እንደማያውቁ ደገሙ። ጠበቃው ተጠግቶ፣ ታዲያ ሲነበብልዎ ለምን አልተቃወሙም ብሎ ጮክ አለባቸው።

«አልሰማሁትማ» አሉ ሽማግሌው። «ከእሳቱ ወዲህ ጆሮዬ ሌላ ነው። ስታነብ ፊቷን አየሁ። እሷ ታውቃለች ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።»



ችሎቱ ሲነሳ ሽማግሌው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጃቸውን እየጠበቁ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ አለች። አልሰሟትም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች፤ የሚያልፉት ጠበቆች ዞረው አዩዋት። ሦስተኛ ጊዜ ስትል ገባቸው። የተሸበሸበ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ።

«አንቺስ ተመልሰሽ አስተካከልሽው» አሏት። «እኔ ቁልፉን ይዤ ስመለስ ድምፃቸው ቆሞ ነበር። የእኔን ማን ያስተካክለው?»

 ልጃቸው መጥታ እስክትወስዳቸው ድረስ አብራቸው ተቀመጠች።

መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለአንድ ዓመት ወደ መዝገብ ቤት አወረዳት። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ አንድ ጠባብ መስኮት፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መደርደሪያዎች፣ ማንም ሳይቀይረው የቀረ አንድ የድሮ ኮምፒውተር። እጇ ይደሰታል ብላ ነበር። ግን እነዚያ ወራት እጇን በአዲሱ አስለምደውት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣቷ የሌለ ቁልፍ ፍለጋ ስፔሱን ሲዳብስ ያዘችው። እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሜኑውን ከፍታ ከላይ ጀምራ አነበበች፤ እዚያ ማሽን ላይ ስንት ዓመት ሠርታ፣ ስሙን እንኳ ሰምታው የማታውቅ ትእዛዝ ስንት እንዳለ እየቆጠረች።

የስፌት ፋብሪካው ፍርድ በሰባተኛው ወር ተሰጠ። ባለቤቱ ጥፋተኛ ተባለ፤ ጠበቃው የምስክሩ ቃል ሁለት ዓይነት ነው በሚል ያንኑ ዕለት ይግባኝ ጠየቀ። መዝገቡ እስኪፈለግ ድረስ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ የተረከበችውም እሷ ናት። ሁለቱም ቃል ውስጡ ነበር፤ የእሷው፣ በየገጹ የሽማግሌው ፊርማ ያለበት፣ በቀይ የተሰረዘው፣ ከሥሩም የታረመው። አላነበበችውም። ቁጥሩን መዝግባ፣ በገመድ አስራ፣ በቀላሉ ከሚገኝበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከላይ ሰው መጥቶ መዝገቡን እስኪጠይቃት ድረስ በየጠዋቱ ስትገባ አንድ ጊዜ መኖሩን ታያለች።